ባህል በውጭ ቋንቋ ትምህርት

ባህልን ከውጭ ቋንቋ ጋር ማስተማር ማለት ተማሪው የሌላ ሕዝብ ቋንቋ ሲማር ከቃላቱና ከሰዋስው ጋር የተናጋሪዎቹን አክብሮት፣ ሰላምታ፣ የጊዜ አቆጣጠር፣ ቀልድ፣ ነውርና ልማድ አብሮ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። በቋንቋ ትምህርት ጥናት ውስጥ ራሱን የቻለ ዘርፍ የሆነው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ቢሆንም ጥያቄው ከዚያ በፊትም ነበር። በኢትዮጵያ ክርክሩ «ባህሉ ይግባ ወይስ አይግባ» በሚለው ብቻ አያበቃም፤ «የማን ባህል?» የሚለውም አብሮ ይነሳል። የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ የሆነው እንግሊዝኛ በእንግሊዛውያን ብቻ ሳይሆን በካናዳውያን፣ በስዊድናውያን፣ በህንዳውያንና በአሜሪካውያን መምህራን አፍ ጭምር የመጣ ነውና። በአዲስ አበባ የልደታ አካባቢ ስዊድናውያን፣ ሩሲያውያንና ቻይናውያን በተለያየ ጊዜ ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠሩበት ስለሆነ ይህ ታሪክ በቅርብ ከሚታይባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው።

ቋንቋ ውስጥ ያለው ባህል

ባህል ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በዓይን የሚታየው ነው፦ ምግብ፣ ልብስ፣ ዘፈን፣ በዓል። የቋንቋ መምህራን ይህን ከማይታየው ባህል ይለዩታል። የማይታየው ባህል ሰው ሳያስበው የሚከተለው ሥርዓት ነው፤ ማን ቀድሞ ሰላም እንደሚል፣ ስንት ጊዜ እምቢ ከተባለ በኋላ እሺ እንደሚባል፣ ማን «አንተ» ማን «እርስዎ» እንደሚባል የሚወስነው እሱ ነው። ተማሪን ችግር ላይ የሚጥለውም በአብዛኛው ይኸው ሁለተኛው ነው። የሰዋስው ስህተት የሠራ እንግዳ «ገና እየተማረ ነው» ይባላል፤ የሥርዓት ስህተት የሠራ ግን «ባለጌ» ይባላል።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ውሃ ይስጡኝ» የሚለው አነጋገር ትእዛዝ ቢመስልም አክብሮቱ በግሱ ውስጥ ስላለ ነውር የለበትም። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን «ጊቭ ሚ ዋተር» ይሆናል፤ አክብሮቱ መንገድ ላይ ይቀራል። እንግሊዝኛ «አንተ»ን ከ«እርስዎ» አይለይም፤ ትሕትናን የሚያሳየው ልመናውን በጥያቄ መልክ በማቅረብ ነው፤ «ኩድ አይ ሃቭ» ብሎ እንደመጀመር ያለ። ስለዚህ በአገሩ ጨዋ የተባለ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲናገር አዛዥ መስሎ ሊሰማ ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ፦ በየዐረፍተ ነገሩ «እባክህ» የሚል እንግሊዛዊ አንድን ሽማግሌ «አንተ» እስካለ ድረስ «እባክህ» ማለቱ አያድነውም።

«እሺ» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ስምምነት ነው። በንግግር ግን «ሰማሁ» ወይም «ይሁን» ማለት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም «አሁን ልከራከርህ አልፈልግም» ማለት ነው። «እንብላ» የተባለ ሰው መጀመሪያ «ጠግቤአለሁ» ይላል፤ ጋባዡም «በሞቴ» ብሎ ይለምናል። ይህን የማያውቅ እንግዳ የመጀመሪያውን «ጠግቤአለሁ» እንደ ቁርጥ መልስ ወስዶ የጋበዘውን ሰው ሳያበላ ይሸኛል። ሰው ሲደናቀፍ የሚባለው «እኔን!» ደግሞ በእንግሊዝኛ አቻ የለውም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በምትኩ «ሶሪ» ይላሉ፤ እንግሊዛዊው ግን ይህን የጥፋት ይቅርታ አድርጎ ስለሚሰማው «አንተ ምን አጠፋህ?» ብሎ ይገረማል።

የሰዓትና የስም ነገርም እዚሁ ይገባል። በኢትዮጵያ ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ጠዋት ሦስት ሰዓት የተባለ ቀጠሮ ለአውሮፓዊ ዘጠኝ ሰዓት ነው (የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንዲሁ ይቆጥራሉ)። የኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ ስም ስላልሆነ አበበ ከበደን «ሚስተር ከበደ» ብሎ የሚጠራ የውጭ ሰው የጠራው አባቱን ነው።

የሐሳቡ አመጣጥ

በቀድሞው የአውሮፓ ትምህርት ቤት ላቲንና ግሪክ የሚጠኑት መጻሕፍቱን ለማንበብ ስለነበር ባህል ማለት ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰው ለንግድ፣ ለዲፕሎማሲና ለትምህርት መዘዋወር ሲጀምር ይህ አልበቃም። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የሁለት ቋንቋዎች ሰዋስው እንደሚነጻጸር ሁሉ ሁለት ባህሎችም ሊነጻጸሩ ይገባል አለ። ዴል ሃይምዝ ደግሞ ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር መሥራት ብቻውን ቋንቋ ማወቅ እንዳልሆነ፣ ተናጋሪ መቼ፣ ለማን፣ ምን እንደሚባልም ማወቅ እንዳለበት አስረዳ። ይህ የመግባባት ችሎታ የሚባለው ሐሳብ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመማሪያ መጻሕፍትን አዘገጃጀት ለውጧል።

ክሌር ክራምሽ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ማይክል ባይራም ደግሞ በ1997 ያሳተሟቸው ሥራዎች ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወሰዱት። ክራምሽ እንደምትለው የውጭ ቋንቋ ተማሪ የራሱን ባህል ትቶ የሌላውን አይለብስም፤ ከሁለቱም ወጣ ብሎ ሁለቱንም የሚያይበት «ሦስተኛ ቦታ» ያገኛል። ባይራም የተማሪው ግብ እንደ ተወላጅ መሆን ሳይሆን በሁለት ወገኖች መካከል ማግባባት መቻል ነው ይላል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ደረጃ መመዘኛ፣ ማለትም ከኤ1 እስከ ሲ2 ያለው፣ ይህን ችሎታ በውስጡ አካትቶታል። በተግባር ግን በደረጃ ፈተናዎች ላይ ጎልቶ የሚመዘነው አሁንም ማንበብ፣ መጻፍ፣ መስማትና መናገር ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ዋናው ክርክር ስለ ባህል ነበር። በአቡነ ማቴዎስ የምትመራው ቤተ ክርስቲያን ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ አውሮፓውያን ከቋንቋው ጋር የካቶሊክን ወይም የፕሮቴስታንትን እምነት ይዘው ይገባሉ ብላ ሠጋች። መፍትሔ የሆነው መምህራንን ከግብፅ ማስመጣት ነበር። ግብፃውያኑ የአውሮፓ ቋንቋ የሚያውቁ፣ በእምነት ግን ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ የሆኑ ኮፕቶች ነበሩ። ቋንቋውን ከባለቤቱ ባህል ነጥሎ ለማምጣት የተደረገ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል፤ ከቤተ ክርስቲያን ወገን ሲታይ ደግሞ ስጋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቋንቋና ስብከት አብረው ሲጓዙ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ታይቷልና።

ከዚያ በፊትም በኢትዮጵያ አንድ የውጭ ቋንቋ ከነባህሉ ሲሰጥ ኖሯል፤ እሱም ዐረብኛ ነው። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ተማሪው ዐረብኛን የሚማረው ቁርኣንን፣ ሕጉንና የአምልኮ ሥርዓቱን ይዞ ነው፤ ባህሉን ከቋንቋው መለየት ሐሳቡም አይመጣም። ነገር ግን የተገኘው ውጤት የዐረብ አገር ግልባጭ አይደለም። የወሎ ሊቃውንት አማርኛን በዐረብኛ ፊደል (ዓጀም በሚባለው) ጽፈዋል፤ በአማርኛም መንዙማ ደርሰዋል። ክራምሽ ሦስተኛ ቦታ የምትለውን በምሳሌ ለማሳየት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ያስተምር ነበር። ከ1941 (1933 ዓ.ም.) ነጻነት በኋላ ግን በእንግሊዝ ተጽእኖ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ቋንቋው ከነሙሉ ልብሱ የመጣበት ነው፤ ርእሰ መምህሩ እንግሊዛዊ፣ አዳሪነቱ፣ ስፖርቱና የተማሪ አለቃ አሿሿሙ ሁሉ በእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት አምሳል ነበር። በአንጻሩ በማኅበረ ሚሲዮን ላይክ የሚመራው ሊሴ ገብረ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1947 ተከፍቶ የፈረንሳይን ሥርዓተ ትምህርት ከአማርኛ ጋር ሲያስተምር ቆይቷል።

ዊንጌት ግን የተለየ እንጂ የተለመደው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት በአባ ሉሲዬን ማት የሚመሩ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ናቸው። እነዚህ ሰዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ብዙ ህንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ሒሳብና ሳይንስን በህንድ እንግሊዝኛ ቅላጼ ነው የሰሙት። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ ሰላም ጓድ የመጀመሪያውን ቡድን ሲልክ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ወጣት አሜሪካውያን በመላ አገሪቱ ተበተኑ። ከወረቀት ላይ ባህል ይልቅ በአካል የመጣ ባህል ማለት ይህ ነው፤ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያስተምራል፤ ተማሪው እንዲከራከረው ይፈልጋል። መምህር ሲገባ ብድግ ብሎ መቆምን ለለመደ ተማሪ ትምህርቱ ከሰዋስው ያለፈ ነበር።

በደርግ ዘመን አቅጣጫው ወደ ምሥራቅ ዞረ። ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ዋናውን ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት አንድ ዓመት በመሰናዶ ፋኩልቲ ሩሲያኛ ይማሩ ነበር። በዚያን ጊዜ የሩሲያኛ ትምህርት በዬቭጌኒ ቬሬሻጊንና በቪታሊ ኮስቶማሮቭ ሐሳብ ሥር ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ቋንቋና ባህል» በተባለ መጽሐፍ እያንዳንዱ ቃል የአገሩን ታሪክ ይዞ እንደሚኖርና መምህሩ ይህን ከቃሉ ጋር ማስተማር እንዳለበት ጽፈዋል። ዘዴው ረቂቅ ነው፤ ግን «አገር ማወቅ» በሚለው ስም የሚሰጠው የፓርቲውን ታሪክ ጭምር ነበርና ባህልን ማስተማር የት ላይ አብቅቶ ማስረጽ የት እንደሚጀምር ለመለየት ቀላል አልነበረም። ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ለተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ትምህርቱ በስፓኒሽ ሆኖ ከአገራቸው የመጡ መምህራን አማርኛንና የኢትዮጵያን ታሪክ ያስተምሯቸው ነበር። ባህል በሁለት አቅጣጫ እንዲሰጥ ታስቦ ከተሠራባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ አደረገ፤ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት የሚሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ (በአንዳንድ ክልሎች ቀደም ብሎ ከ7ኛ ክፍል ይጀምራል)። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን («ፕላዝማ») መሰጠት ሲጀምር ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። የገጠር ተማሪ በመጀመሪያ የሰማው «ተወላጅ» እንግሊዝኛ የጆሃንስበርግ ሆነ፤ መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። የተማሪና የመምህር ግንኙነት ራሱ ባህል መሆኑን ብዙ ሰው ያስተዋለው ያኔ ነው።

ልደታ

ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የቋንቋ ትምህርት ቤት በብዛት የሚታወቅበት ሰፈር አይደለም፤ ቋንቋና ባህል ሥራ ላይ የሚገናኙበት ሰፈር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የሆነው፣ በሕዝቡ ዘንድ «ሕንፃ ኮሌጅ» የሚባለው፣ የሚገኘው ልደታ ነው። እዚህ ስዊድናዊ መምህርና ኢትዮጵያዊ ተማሪ የተገናኙት ለሁለቱም የውጭ በሆነ ቋንቋ በእንግሊዝኛ ነበር። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የእንግሊዝ ሻይ ሰዓትና የለንደን አውቶቡስ ለማንም አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው የሌላውን ልማድ ማወቃቸው ነው። ስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ማዕረግና የአክብሮት መጠሪያን ትታ ሁሉን ሰው በ«አንተ» ወደ መጥራት የዞረች አገር ናት። ሁለቱን ሕዝቦች ያለ ትምህርት የሚያገናኝ አንድ ነገር ግን አለ፦ አየር ወደ ውስጥ በመሳብ «አዎ» ማለት። ኢትዮጵያውያን በዚህ መንገድ «አዎ» ሲሉ ሌላው የውጭ ሰው የደነገጡ ይመስለዋል፤ ስዊድናዊ፣ በተለይ የሰሜኑ፣ ወዲያው ይገባዋል።

በዚያው በልደታ የሚገኘው የደጃዝማች ባልቻ መታሰቢያ ሆስፒታል ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሶቪየት፣ ኋላም በሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሲያገለግል የኖረ ነው። ሐኪምና ታካሚ የሚነጋገሩት ስለ ሰውነት ስለሆነ ባህል እዚህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ «ልቤን ያመኛል» ሲል ጨጓራውን ሊሆን ይችላል፤ «ምች መታኝ» ያለው ደግሞ በሩሲያኛ መዝገበ ቃላት የለም። በሌላ በኩል ኢትዮጵያዊ ሩሲያኛ ሲማር ከሚቀለው ነገር አንዱ አጠራር ነው። ሩሲያውያን የሚያከብሩትን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራሉ፤ ኢቫን ፔትሮቪች ማለት የፔትር ልጅ ኢቫን ነው። ይህ ከኢትዮጵያ ስም አወጣጥ ጋር ይቀራረባል። ገጣሚው አሌክሳንደር ፑሽኪንም በትምህርቱ ውስጥ እንደ ድልድይ ያገለግላል፤ የእናቱ አያት አብራም ጋኒባል ከዛሬዋ ኤርትራና ሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢ እንደሄደ በሰፊው ይነገራል፣ ወደ ካሜሩን የሚወስዱት ተመራማሪዎች ቢኖሩም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ-ምዕራብ መስመር በልደታ ያልፋል። መስመሩን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ቻይናውያን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው ሠርተዋል። ቻይንኛ በአዲስ አበባ በኮንፊሽየስ ተቋማት ይሰጣል። በእነዚህ ተቋማት ባህል ሲባል በብዛት የሚቀርበው የብሩሽ ጽሕፈት፣ ወረቀት ቆረጣ፣ ሻይና የአዲስ ዓመት በዓል ነው። ለበዓል ጥሩ ነው፤ ሥራ ላይ ግን የሚጠቅመው ሌላው ነው። ቻይንኛ ታላቅ ወንድምን፣ ታናሽ ወንድምን፣ ታላቅ እኅትንና ታናሽ እኅትን በአራት የተለያዩ ቃላት ይጠራል፤ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ «በላህ ወይ?» ማለት ሰላምታ ሊሆን ይችላል። ሰላምታ መሆኑን ያልተነገረው ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ምሳ የተጋበዘ ይመስለዋል።

ነገሩ የከፋ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት የሚሠራው በአማርኛ ሲሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ቋንቋውን ለማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ይሰጣል። አማርኛ ተናጋሪ «አልሄድክም?» ሲባል «አዎ» ካለ «አዎ፣ አልሄድኩም» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው «የስ» ግን «ሄጃለሁ» ማለት ነው። ቃል በቃል የሚያስተረጉም ሰው አንድ ቃል እንኳ ሳይሳሳት የምስክሩን ቃል ሊገለብጠው ይችላል።

አማርኛን ለውጭ ሰዎች ማስተማር

በአውሮፓ የአማርኛ ጥናት የጀመረው በአንድ ኢትዮጵያዊ መምህርና በአንድ ጀርመናዊ ተማሪ ነው። በዛሬው አማራ ክልል ከሚገኘው መካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1649 ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ተጋበዙ። መጀመሪያ የሚግባቡት በግእዝ ነበር። ሉዶልፍ የጠየቀው ግስ አረባብ ብቻ አይደለም፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ እንስሳቱ ሁሉ ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ1681 የታተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ አብዛኛው ከእኒህ ጭውውቶች የተገኘ ሲሆን የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተሙት ከዚያ በኋላ በ1698 ነው። ባህሉ ከሰዋስው 17 ዓመት ቀድሞ ታተመ ማለት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞተዋል።

ዛሬ አማርኛ በፓሪስ፣ በሐምቡርግ፣ በኔፕልስና በሴንት ፒተርስበርግ ይሰጣል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሠራተኞች ማሠልጠኛ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው መማሪያ በድግግሞሽ ልምምድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው መማሪያ ደግሞ በሰዋስው የጠለቀ ነው። የሁለቱም ችግር ተመሳሳይ ነው። አጸፋው የሚመረጠው በዕድሜ፣ በጾታ፣ በዝምድናና በቅርበት ስለሆነ «እርስዎ» መቼ ወደ «አንተ» እንደሚወርድ ሰንጠረዥ አይነግርም። ለአዛውንት «አንቱ» የሚባልበት ሰፈር አለ፤ እናቱን «አንቺ» የሚል ልጅም በብዙ ቤት የሚወደድ እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ሰምና ወርቅ ላይ ሲደረስ ደግሞ ቃላቱን ሁሉ የሚያውቅ ተማሪ ሰሙን ይዞ ይቀራል።

የኮምፒዩተር ትርጉም ይህን ችግር በግልጽ ያሳያል። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እንግሊዝኛው «ዩ» ሲል አማርኛው አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይም እናንተ ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለበት፤ በእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ለመምረጥ የሚያስችል ፍንጭ ብዙ ጊዜ የለም። ፕሮግራሙ ለአያት የተጻፈን ደብዳቤ በ«አንተ» ቢያወጣ የሂሳብ ስህተት ሠራ አይባልም፤ ያልተነገረውን አላወቀም። በዚህ ብቻ አማርኛ የሚማር ሰውም እንደዚያው አያውቅም።

በውጭ አገር የተወለዱ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሁኔታ ከሁለቱም ይለያል። አማርኛን በቤትና በሰንበት ትምህርት ቤት ሲሰሙ ያድጋሉ፤ ባህሉን ያውቁታል፤ ቋንቋው ነው የሚያንሳቸው። ሲጠሩ «አቤት» ማለትን፣ ትልቅ ሰው ሲገባ መነሣትን ፊደል ሳይቆጥሩ ይለምዳሉ፤ ለውጭ ሰው የተዘጋጀ መጽሐፍ ስለ ቡና ሥርዓት ሲያብራራላቸው ይሰለቻቸዋል።

ክርክሮች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአቡነ ማቴዎስን ስጋት በሌላ መልክ የሚያነሣው ነው። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1986 የቅኝ ገዢ ቋንቋ የአፍሪካን ልጅ ከራሱ እንደሚያርቅ ጽፏል፤ ሮበርት ፊሊፕሰንም እ.ኤ.አ. በ1992 የእንግሊዝኛ መስፋፋት የበላይነት መሣሪያ መሆኑን ተከራክሯል። ኢትዮጵያ በእንግሊዝ ቅኝ ባትገዛም በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት አገር ስለሆነች ክርክሩ አይመለከታትም ማለት አይቻልም።

ለዚህ የተሰጠው መልስ የመማሪያ መጻሕፍትን አገራዊ ማድረግ ነው። «ኢንግሊሽ ፎር ኢትዮጵያ» በሚል ርእስ የታተሙት መጻሕፍት ኢትዮጵያዊ ስሞችንና አገራዊ ጉዳዮችን ይዘዋል። ተማሪው የማያውቀውን በረዶ ከማንበብ የሚያውቀውን ገበያ ማንበቡ እንደሚረዳው ግልጽ ነው። የተረሳው ነገር ግን አለ። ስለ ገበያ በእንግሊዝኛ ያነበበ ተማሪ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚለመን፣ እንዴት እንደሚቃወም፣ ለማያውቀው ፕሮፌሰር እንዴት ደብዳቤ እንደሚጽፍ አልተማረም። ርእሱ ኢትዮጵያዊ ሆነ እንጂ የቋንቋው ሥርዓት ተሸፍኖ ነው የቀረው፤ ተማሪው የሚያገኘውም ለነጻ ትምህርት ዕድል ሲያመለክት ወይም ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ነው።

ሌላው ክርክር አንድን ሕዝብ በጥቂት ዐረፍተ ነገር መደምደምን ይመለከታል። «እንግሊዞች ሰዓት አክባሪ ናቸው»፣ «ኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባይ ናቸው» የሚሉ አነጋገሮች በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሲገቡ እውቀት ይመስላሉ። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት አገር «የኢትዮጵያ ባህል» ብሎ በአንድ ገጽ የሚያቀርብ የአማርኛ መማሪያም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ነው፤ የጎጃም ሰላምታና የአዲስ አበባ ሰላምታ እንኳ አንድ አይደሉም።

የመጨረሻው ችግር ፈተና ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ የሚመለስ በመሆኑ አራት አማራጮች ውስጥ የማይገባ ነገር ክፍል ውስጥም ጊዜ አያገኝም። አንዳንድ መምህራን ግን ያለ መጽሐፍ የሚሠራ ዘዴ ይጠቀማሉ፦ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ «እስክሪብቶ አውሰኝ» የሚለውን፣ ተማሪዎቹ መጀመሪያ በአማርኛ ለታናሽ ወንድም፣ ለጓደኛ፣ ለመምህርና ለማያውቁት ሽማግሌ እንዲሉት ያደርጋሉ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ አራቱን እንዲደግሙ ይጠይቃሉ። በአማርኛ አራት የተለያየ አነጋገር ያወጣ ተማሪ በእንግሊዝኛ አራቱንም ጊዜ «ጊቭ ሚ ዩር ፔን» ሲል ይሰማል፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።